አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ እና የጣና ዳር ግንቦች

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻና ከዚያ ወደ ጎንደር በሚያወጣው አገር ላይ የቆሙትን የግንብ ፍርስራሾች ሰዎች ሲያሳዩን ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰው ስም ጋር አያይዘው ነው። ይህም ሰው ከኢየሱስ ማኅበር የሆኑት ስፔናዊው ካህን አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ናቸው። በጎርጎራ ያለው ማርያም ግንብ የእርሳቸው ነው ይባላል፤ የደንቀዝ ቤተ መንግሥት የእርሳቸው ነው ይባላል፤ አንዳንዱማ የጎንደሩን የፋሲል ግንብ ሳይቀር ለእርሳቸው ይሰጣል። ከየቁምስናው ለጉብኝት የሚሄዱ ወጣቶች ይህንኑ ሰምተው ይመለሳሉ፤ ትምህርተ ክርስቶስ የሚያስተምሩ ወንድሞችና እኅቶችም ለልጆች ይህንኑ ይነግራሉ። ነገር ግን አባ ጴጥሮስ ያረፉት በ1622 ነው። ማርያም ግንብ የተሠራው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሲሆን፣ ጎንደር መናገሻ ከተማ የሆነችው ደግሞ በ1636 ገደማ ነው።

ስለዚህ በዚህ እትም የኒህን ካህን ሕይወት ስንተርክ፣ በእርግጥ የሠሩትን ካልሠሩት ለይተን ለማሳየት አስበናል። ያልሠሩትን ለእርሳቸው መስጠት ክብር የሚጨምርላቸው ይመስላል። እኛ ግን እውነተኛ ሥራቸውን ይጋርድብናል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አባ ጴጥሮስ በ1564 ከማድሪድ ከተማ ብዙ በማትርቅ፣ ኦልሜዳ በምትባል ትንሽ መንደር ተወለዱ። መንደሪቱ በዚያን ዘመን የሽንኩርቷ ኦልሜዳ ትባል ነበር፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ስሟ ተለውጦ የምንጮቿ ኦልሜዳ ሆነች። የዓባይን ምንጭ በዓይናቸው አይተው ለጻፉ ሰው የትውልድ ስፍራ ስሙ የተስማማ ሆኖ አግኝተነዋል። በ1582 በኢየሱስ ማኅበር ገቡ፤ ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱም ወደ ሩቅ አገር ለስብከተ ወንጌል እንዲላኩ አለቆቻቸውን ለመኑ። በ1588 ከሊዝቦን በመርከብ ተሳፍረው በሕንድ አገር ወዳለችው ወደ ጎኣ ሄዱ፤ በዚያም ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ።

በዚያን ጊዜ ጎኣ ያሉት የማኅበሩ አለቆች ስለ ኢትዮጵያ እጅግ ያስቡ ነበር። ከክሪስቶፎሮ ዳ ጋማ ጋር በ1541 ከመጡት የፖርቱጋል ወታደሮች የተወለዱ ካቶሊካውያን በሀገራችን ይኖሩ ነበር። እነርሱን ያጽናኑ የነበሩት ጳጳስ አቡነ እንድርያስ ኦቪየዶ በ1577 ዐርፈው፣ ከእርሳቸው ጋር የገቡት ካህናትም በየተራ በሞት እየተለዩ ነበር። ባሕሩን የቱርክ መንግሥት ስለ ያዘው ምትክ ካህን ማስገባት ትልቅ ጭንቅ ሆኖ ነበር። ስለዚህ በ1589 አባ ጴጥሮስና በዕድሜ የሚበልጧቸው አባ አንጦንዮስ ሞንሴራት የአርመን ሰዎች መስለው ወደ ኢትዮጵያ እንዲሄዱ ታዘዙ። አባ ሞንሴራት ቀደም ሲል በሕንዱ ንጉሥ በአክባር ቤተ መንግሥት የኖሩና መንገድ የለመዱ ሰው ነበሩ።

መንገዱ ግን አልቀናም። በ1590 መጀመሪያ በደቡብ ዓረብ ጠረፍ፣ በዶፋር አካባቢ፣ መርከባቸው ተያዘችና ሁለቱም እስረኞች ሆኑ። በሐድራሞት በረሃ አልፈው፣ ታሪም በምትባለው ከተማ በኩል አድርገው ወደ የመን ተወሰዱ። በሰንዓ ዓመታት ታሰሩ፤ በመጨረሻም በሞካ ወደብ በሰንሰለት ታስረው መርከብ ከሚቀዝፉ ባሮች ጋር ተቆጠሩ። ከስፔን ንጉሥ በወጣ ትእዛዝ ቤዛ ተከፍሎላቸው ወደ ጎኣ የተመለሱት በ1596 ነው። አባ ሞንሴራት ከዚያ መከራ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ በ1600 በሕንድ ዐረፉ።

ከዚህ የእስር ዘመን አንዲት ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። አባ ጴጥሮስ በዓረብ አገር ሳሉ ሰዎች ቡን ከሚባል ፍሬ ገለባ በፈላ ውኃ አፍልተው የሚጠጡትን መጠጥ ቀምሰዋል፤ ይህንኑም በኋላ በመጽሐፋቸው አስፍረውታል። ወደ ቡና አገር ሊገቡ የተነሡ ሰው ቡናን መጀመሪያ የቀመሱት በግዞት ቤት መሆኑ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ጥቅም ግን ዓረብኛ መማራቸው ነበር፤ ያለ እርሱ ሁለተኛው ጉዟቸው ባልተሳካም ነበር።

ያ ሁለተኛው ጉዞ የተደረገው በ1603 ነው። አባ ጴጥሮስ ዳግመኛ የአርመን ሰው ልብስ ለብሰው፣ አብደላ በሚል ስም፣ ከዲዩ ወደብ ተነሡና በምጽዋ በኩል ገቡ። በግንቦት ወር ፍሬምና ደረሱ። ፍሬምና በዓድዋ አጠገብ ማይጓጓ በሚባለው ስፍራ የነበረች የካቶሊካውያን መንደር ስትሆን፣ ስሟ የተሰየመው በሀገራችን የመጀመሪያ ጳጳስ በቅዱስ ፍሬምናጦስ፣ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። አባ ጴጥሮስ ሲደርሱ ምእመናኑን ይጠብቁ የነበሩት ከጎኣ የመጡት ሕንዳዊው ካህን አባ መልኪዮር ዳ ሲልቫ ነበሩ። አንድ ሕንዳዊ ካህን ብቻቸውን፣ በማያውቁት አገር፣ አምስት ዓመት ያህል ያንን መንጋ መጠበቃቸው ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚገባው ነገር ነው።

በፍሬምና አባ ጴጥሮስ የመጀመሪያ ሥራቸው ያደረጉት ቋንቋ መማርን ነው። አማርኛንም ግእዝንም በትጋት አጠኑ። ቀጥሎም በፖርቱጋል የታወቀውን የማርኮስ ዦርዥን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ፣ የፖርቱጋል ተወላጆች አለቃ በነበረው በዮሐንስ ገብርኤል ረዳትነት፣ ወደ አማርኛ መለሱት። መጽሐፉ በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ ስለ ነበር ልጆቹ በቃላቸው ያዙት። ዛሬ በየቁምስናው በሰንበት ከሰዓት በኋላ ሕፃናትን ሰብስባችሁ የምታስተምሩ ካቴኪስቶች የምትጠቀሙበት ዘዴ በአማርኛ ቋንቋ ምን ያህል የቆየ መሆኑን ከዚህ ልትረዱ ትችላላችሁ።

በዚያን ጊዜ በዙፋን ላይ የነበሩት ዐፄ ዘድንግል የዚህን ካህን ዝና ሰምተው በ1604 ወደ ደምቢያ አስጠሯቸው። አባ ጴጥሮስ ወደ ቤተ መንግሥት ሲሄዱ ይዘው የሄዱት ያስተማሯቸውን ልጆች ነው። ልጆቹ በንጉሠ ነገሥቱና በመኳንንቱ ፊት ቆመው ሲጠየቁና ሲመልሱ ዐፄ ዘድንግል እጅግ ተደነቁ። ከዚያም ስለ ሃይማኖት ብዙ ተነጋገሩ፤ ንጉሡም ልባቸው ወደ ካቶሊካዊት ሃይማኖት አዘነበለ። አባ ጴጥሮስ ነገሩ በቀስታና በምስጢር እንዲያዝ ቢመክሩም፣ ዐፄ ዘድንግል የቅዳሜ ሰንበት እንዳይከበር ዐዋጅ አስነገሩ። ብዙም ሳይቆይ ራስ ዘሥላሴ ዐመፁ፤ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ወታደሮቹን ለንጉሡ ከገቡት መሐላ ፈቷቸው። ዐፄ ዘድንግል በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በባርጫ ሜዳ ተዋግተው ወደቁ። ነገሩ ሁሉ የተፈጸመው አባ ጴጥሮስ ወደ ቤተ መንግሥት ከመጡ ጥቂት ወራት ብቻ እንዳለፉ ነው።

ከዚያ በኋላ ዐፄ ያዕቆብ ተመልሰው ነገሡ፤ በ1607 ግን ዐፄ ሱስንዮስ በጎጃም፣ ጎል በሚባል ስፍራ ድል አድርገው መንግሥቱን ያዙ። አዲሱ ንጉሥ አባ ጴጥሮስን ወደዷቸው፤ በጎርጎራ በሐይቁ ዳር ለማኅበሩ ቦታ ሰጧቸው። እንግዲህ የግንቡ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጎርጎራ ስንል ሁለት ስፍራዎችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው አሮጌው ጎርጎራ ነው፤ ወደ ሐይቁ የገባ ልሳነ ምድር ሲሆን አባ ጴጥሮስ የኖሩትና የሠሩት በዚያ ነው። ሁለተኛው አዲሱ ጎርጎራ ነው፤ ማርያም ግንብ የሚባለው ፍርስራሽ የሚገኘው በዚህኛው ነው። ስሙ አንድ ስለ ሆነ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ።

በአሮጌው ጎርጎራ አባ ጴጥሮስ ለዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ሠሩ፤ ጊዜውም 1614 ገደማ ነው። በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ነገሥታት በአብዛኛው በድንኳን ከተማ እየተዘዋወሩ ይኖሩ ስለ ነበር፣ ከድንጋይ የተሠራ ባለ ፎቅ ቤት ለሕዝቡ አዲስ ነገር ሆነ። ከየአገሩ እየመጡ ያዩት ነበር፤ ቤት በላይ ቤት የሚል ስምም አወጡለት። የማኅበሩ ጸሐፍት እንደ መሰከሩት አባ ጴጥሮስ በዚህ ሥራ ላይ አዛዥ ብቻ አልነበሩም። ለሥራው የሚያስፈልገው መሣሪያ በአገሩ ስላልነበረ መዶሻውን፣ መሮውንና መጋዙን ራሳቸው ቆመው አሠሩ፤ ድንጋይ መጥረብንና እንጨት ማገጣጠምን ለሠራተኞቹ በእጃቸው እያሳዩ አስተማሩ። በሀገራችን በብረትና በሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ሲናቁ በኖሩበት ዘመን የንጉሡ ወዳጅ የሆኑ ካህን በወናፍ አጠገብ ቆመው ሲታዩ ሕዝቡ ምን እንዳሰበ መገመት አያዳግትም።

ስለዚሁ ቤት እነዚያ ጸሐፍት አንድ ነገር ይተርካሉ። አባ ጴጥሮስ ወደ ሰገነቱ በሚያወጣው ደረጃ ላይ ሲዘጋ በራሱ የሚቆለፍ መዝጊያ አደረጉበት። ከጊዜ በኋላ በንጉሡ ላይ የተማማሉ ሰዎች ሊገድሏቸው ወደ ቤተ መንግሥቱ በገቡ ጊዜ፣ ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ላይ ወጥተው መዝጊያው ከኋላቸው ስለ ተቆለፈ ከሞት ዳኑ ይባላል። ታሪኩ ተረት ተረት ቢሸትም ያንን ዘመን ለሚያውቅ ሰው የሚያስገርም አይደለም፤ ሤራውም ደሙም ብዙ ነበርና።

ይህንን ስንል የማያስደስት ነገርም ለመጻፍ እንገደዳለን። አባ ጴጥሮስ የዋህና ትዕግሥተኛ ነበሩ ተብሎ በወዳጅም በባዕድም ተመስክሮላቸዋል፤ ይህንንም እኛ አንጠራጠርም። ነገር ግን በእርሳቸው ዘመን ሁሉ ነገር በሰላም ሄዷል ማለት አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ ስለ ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ የሚያስተምረውን ወገን ደግፈው ዐዋጅ ካወጡ በኋላ፣ በ1617 የንጉሡ አማች ዮልዮስ ዐመፀ። እርሱም፣ ከእርሱ ጋር የነበሩት ጳጳስ አቡነ ስምዖንም በዚያ ጦርነት ተገደሉ። በወንድማማቾች ቤተ ክርስቲያናት መካከል የተደረገውን ያንን ጠብ ዛሬ ስናስታውስ ጥፋቱን ሁሉ ከአባ ጴጥሮስ በኋላ በመጡት ላይ ብቻ መጫን ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይመስለንም።

ኤፕሪል 21 ቀን 1618 አባ ጴጥሮስ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር በጎጃም ሳሉ ወደ ሰከላ ሄደው የግሽ ዓባይን ምንጭ አዩ። ሁለቱን የውኃ ዓይኖች፣ የመስኩን ርጥበትና የአካባቢውን ሰዎች ልማድ ጠንቅቀው ጻፉ። በብዙ የውጭ መጻሕፍት የዓባይን ምንጭ ያገኙ የመጀመሪያው ሰው ተብለው ይወደሳሉ። ለእኛ ግን ይህ አነጋገር አይስማማንም፤ የግሽ ሰዎች ምንጩን ከአባት ከአያት ጀምረው ያውቁት፣ ያከብሩትም ነበርና። አባ ጴጥሮስ ካየነው አውሮፓዊ ሁሉ ቀድመው አይተው የጻፉ ናቸው ማለት ይበቃል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ፣ በ1770፣ እዚያ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ይህንኑ እንኳ ሊክዳቸው ሞከረ። መጽሐፋቸው በዚያን ጊዜ ገና ስላልታተመ የሚሟገትላቸው ሰው ጥቂት ነበር።

ስለዚህ መጽሐፍ ጥቂት ማለት ይገባናል፤ ምክንያቱም ከሠሩት ሁሉ ሳይፈርስ የቆየው እርሱ ነው። በ1610 እና በ1611 ሉዊስ ደ ኡሬታ የሚባሉ የዶሚኒካን ማኅበር አባል በስፔን ስለ ኢትዮጵያ ሰፊ መጽሐፍ አሳተሙ። ኡሬታ ኢትዮጵያን አላዩአትም፤ የሰሙትንም ያልሰሙትንም ጨማምረው ጽፈዋል። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ሳይቀር የዶሚኒካን ማኅበር መነኩሴ አደረጓቸው። አባ ጴጥሮስ ይህንን እንዲመረምሩ በአለቆቻቸው ሲታዘዙ፣ በክርክር ብቻ መልስ አልሰጡም። የገዳማቱን መጻሕፍት ፈልገው አነበቡ፤ የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል ወደ ፖርቱጋልኛ መለሱ፤ ሊቃውንቱን ጠየቁ፤ በዓይናቸው ያዩትን ከሰሙት ለዩ። እነሆ፣ አንድ ካቶሊካዊ ካህን ስለ አንድ ኢትዮጵያዊ ጻድቅ እውነቱ እንዲታወቅ ብለው የሌላውን ካቶሊካዊ መነኩሴ መጽሐፍ በኢትዮጵያ መጻሕፍት ምስክርነት ሻሩት።

የኢትዮጵያ ታሪክ የተባለውን ይህንን መጽሐፍ የጨረሱት በ1622 ነው። በእጃቸው የጻፉት ቅጂ በሮም በማኅበሩ ቤተ መዛግብት ይገኛል። በሙሉ የታተመው ግን ወደ ሦስት መቶ ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ፣ በ1905 እና በ1906፣ በአባ ካሚሎ ቤካሪ ትጋት ነው።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት አባ ጴጥሮስ በአሮጌው ጎርጎራ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በ1622 ዐፄ ሱስንዮስ በእርሳቸው ዘንድ ምስጢረ ንስሐን ተቀብለው፣ ከአንዲቱ ሚስታቸው በቀር ሌሎቹን አሰናብተው፣ ካቶሊካዊት ሃይማኖትን በግልጽ ተቀበሉ። አባ ጴጥሮስ ከንጉሡ ሰፈር ወደ ጎርጎራ ሲመለሱ በመንገድ ላይ ትኩሳት ያዛቸው፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ በሃምሳ ስምንት ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው፣ ዐረፉ። ዐፄ ሱስንዮስ እንደ አባት አለቀሱላቸው።

ከእርሳቸው በኋላ የሆነውን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ በሌላ ጊዜ ሊጻፍ የሚገባው ነውና። በ1625 ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴስ ገቡ፤ በየካቲት 1626 ንጉሡና መኳንንቱ በደንቀዝ ለሮም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታዛዥነታቸውን በመሐላ አረጋገጡ። ፓትርያርኩ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ሥርዓተ ቅዳሴውና የበዓላቱ አቈጣጠር ወደ ላቲን ልማድ እንዲለወጥ አዘዙ። ሕዝቡ ተነሣ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም አለቁ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው፣ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ትተው፣ በዚያው ዓመት ሞቱ፤ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ኢየሱሳውያኑ መጀመሪያ ወደ ፍሬምና፣ ቀጥሎም በ1634 ከሀገር ተሰደዱ።

አሁን ወደ ድንጋዮቹ እንመለስ። የአባ ጴጥሮስ ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደ ሌሎቹ ቆመው አናያቸውም? መልሱ በኖራ ላይ ነው። አባ ጴጥሮስ ሲሠሩ በአካባቢው ለኖራ የሚሆን ድንጋይ ገና አልታወቀም ነበር። ስለዚህ ጥርብ ድንጋዩን ያያያዙት በጭቃ ነው። ጭቃ ጣሪያው ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ይጸናል፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ግን ክረምት በገባ ቍጥር ከድንጋዩ መካከል እየታጠበ ይወጣል፤ ግድግዳውም ይከፈታል። የፈረሰውን ጥርብ ድንጋይ ደግሞ ጎረቤት ለቤቱና ለአጥሩ ይወስደዋል። አባ ጴጥሮስ ሊያርፉ ሲቃረቡ ከሕንድ አገር የመጡ ባለሙያዎች ኖራ የሚወጣውን ድንጋይ ለይተው አገኙ። ከዚያ ወዲያ በደንቀዝ፣ በአዘዞ፣ በአዲሱ ጎርጎራ የተሠሩት ሕንፃዎች፣ በዓላታ በዓባይ ላይ የተሠራው ድልድይም ሳይቀር፣ በኖራ ተገነቡ። ዛሬ ቆመው የምናያቸው እነዚህ ናቸው።

ስለዚህ አንድ ፍርስራሽ ስታዩ ወደ ግድግዳው ቀረብ ብላችሁ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን ተመልከቱ። ነጭና ጠንካራ ኖራ ከሆነ፣ አባ ጴጥሮስ ካረፉበት ዘመን ጀምሮ የተሠራ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ይህንን ለወጣቶች በስፍራው ላይ ማሳየት ረጅም ንግግር ከማድረግ ይሻላል።

ማርያም ግንብን ያነጹት ከፓትርያርክ ሜንዴስ መምጣት በኋላ የነበሩት ኢየሱሳውያን ናቸው። በቅስት የተሠራ የድንጋይ ጣሪያ፣ የተቀረጹ አበቦችና ዓምዶች ነበሩት፤ በሕንድና በፖርቱጋል የተለመደ አሠራር በኢትዮጵያ ድንጋይ ላይ ሲታይ ነው። የጣሪያው ታላቅ ክፍል በሃያኛው ክፍለ ዘመን ወድቋል፤ ቅርጹ ግን በቀረው ግድግዳ ላይ እስከ አሁን ይነበባል። ከ2006 እስከ 2014 ባለው ጊዜ ከማድሪድ ኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች በጎርጎራ፣ በአዘዞና በደንቀዝ ሠርተው፣ ውጤቱን በ2017 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በምሥራቅ ጎጃም ባለችው በመርጡለ ማርያምም በዚያው ዘመን የታነጸው ቤተ ክርስቲያን ጥርብ ድንጋዮች ይታያሉ።

የጎንደር ግንቦች የኢየሱሳውያን አይደሉም። ያሠሩአቸው እነርሱን ያሳደዱት ዐፄ ፋሲለደስና ተከታዮቻቸው ናቸው። ሆኖም የኖራው ዕውቀትና የግንበኞቹ እጅ ከካህናቱ ጋር አልተሰደደም፤ በሀገሩ ቀርቶ ለጎንደር አገለገለ። በጎንደር የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎችም በዚሁ ሥራ የታወቁ ነበሩ። ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መዝገብ ገብቷል።

የዚህን ዘመን ታሪክ በስፍራው ለማየት ለሚፈልጉ የጣና ደሴቶች ገዳማት ዕቃ ቤቶች መዘለል የለባቸውም። ዘጌ ላይ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ዕቃ ቤት አክሊሎችንና የብራና መጻሕፍትን ለጎብኚ ያሳያል። በዳጋ እስጢፋኖስ ደግሞ የነገሥታት አፅም ይጠበቃል፤ ወደዚያ ገዳም የሚገቡት ወንዶች ብቻ ናቸው። በዚያ የአባ ጴጥሮስን ልጆች መልስ ሰምተው የተደነቁት ዐፄ ዘድንግልና ማኅበሩን ከሀገር ያስወጡት ዐፄ ፋሲለደስ በአንድ ቤት ውስጥ ዐርፈዋል። መነኮሳቱ ሁለቱንም በእኩል አክብሮት ይጠብቃሉ። የጣና አካባቢ ዛሬ በ2015 በተቋቋመው በባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ ለሚነሡ የቁምስና ማኅበራት ጎርጎራም ደሴቶቹም ሩቅ አይደሉም።

የአባ ጴጥሮስ አፅም መጀመሪያ ያረፈው ራሳቸው ባሠሩት በአሮጌው ጎርጎራ ቤተ ክርስቲያን ነበር። አዲሱ ጎርጎራ ሲታነጽ ግን ወንድሞቻቸው አፅማቸውን ወደ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን እንዳፈለሱት የማኅበሩ ጸሐፍት ይነግሩናል። እንግዲህ ማርያም ግንብን ከአባ ጴጥሮስ ስም ጋር የሚያያይዘው ሕዝብ ፈጽሞ አልተሳሳተም። ሕንፃው የእርሳቸው ሥራ ሳይሆን መቃብራቸው ነው። በአሮጌው ጎርጎራ፣ በጭቃ ያያያዟቸው ድንጋዮች በነበሩበት ልሳነ ምድር ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚታይ ነገር እጅግ ጥቂት ነው።